ላባው ሲያምር የሚከፍለው ማነው?



የሰው ልጅ በዶሮ ላባ ላይ የፈለገውን ቀለም ለማውጣት ሲል ዶሮን ከዶሮ እየመረጠ ማዳቀሉ ተገቢ ነውን? ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። «ዶሮ ዶሮ ነው፤ ቀላ ጠቆረ ምን አገባን?» የሚሉም አይጠፉም። ነገር ግን በዚህች ትንሽ ጥያቄ ውስጥ ሁለት ትልልቅ ጉዳዮች አሉ። አንደኛው በፍጡር ላይ የተሰጠን ሥልጣን እስከ የት ድረስ እንደሆነ፣ ሁለተኛው ደግሞ እውቀት በጨመረ መጠን ተጠያቂነትም አብሮ መጨመሩ ነው።

በቅድሚያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ እንመልከት። በዶሮ ላባ ላይ የምናየው ቀለም በአብዛኛው ሜላኒን ከሚባሉ ሁለት ዓይነት ማቅለሚያዎች የሚገኝ ነው፤ አንዱ ጥቁር፣ ሌላው ወርቃማ ቀይ ነው። ነጭ ላባ ማለት እነዚህ የሌሉበት ላባ ነው። በአገራችን ገብስማ፣ ዝግርማ፣ ወሰራ እያልን የምንጠራቸው መልኮች ሁሉ ማቅለሚያዎቹ የት እንደበዙ፣ የት እንደሳሱና የት እንደጠፉ የሚያሳዩ ናቸው። ይህን ድልድል የሚወስኑትም ጫጩት ከአባቱና ከእናቱ የሚወርሳቸው ዘረ-መሎች ናቸው።

ይህን ያወቀ ሰው አንድ ነገር ልብ ይላል። ጠንቋይ ቤት የሄደ በሽተኛ «ገብስማ ዶሮ አምጣ» ወይም «ጥቁር ዶሮ ይታረድልህ» ሲባል በላባው ቀለም ውስጥ አንዳች ኃይል ያለ ይመስለዋል። በዚህም የተነሳ ያለውን ገንዘብ አሟጦ ቀለም ይገዛል። ይሁንና ገብስማው ከቀዩ የሚለየው በወላጆቹ ውርስ ብቻ ነው። ላባው ለዶሮዋ ልብስ ነው፤ ለሰውም የማይጠቅም፣ የማይጎዳ ነው። የዘር ውርስ እውቀት ሌላ ምንም ባይጠቅመን እንኳ ይህን ማታለያ ማጋለጡ ብቻ ትልቅ ነገር በሆነ ነበር።

እውቀቱ ከየት መጣ? ግሪጎር ሜንዴል እ.ኤ.አ. በ1866 በአተር ላይ ያገኘውን የውርስ ሕግ ያሳተመ ሲሆን፣ ለሠላሳ ዓመታት ያህል የተረዳው ሰው አልነበረም። የእንግሊዙ ተመራማሪ ዊልያም ቤትሰን እ.ኤ.አ. በ1902 ሕጉ በእንስሳትም ላይ እንደሚሠራ ያሳየው በዶሮ ላይ ባደረገው ሙከራ ነበር። ከዚህ በኋላ ለብዙ ጊዜ እንቆቅልሽ ሆኖ የኖረ አንድ ነገር ተፈታ።

አንዳሉሲያን የሚባል የዶሮ ዝርያ አለ። ስሙን ያገኘው ከደቡብ ስፔኗ አንዳሉሲያ፣ የእስልምና ታሪክ አንዳሉስ ብሎ ከሚያውቃት ምድር ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ አርቢዎች የዚህን ዶሮ ሰማያዊ መሰል ግራጫ ላባ እጅግ ወደዱት። ችግሩ ግን ግራጫውን ከግራጫ ጋር ባዳቀሉ ቁጥር የሚፈለፈሉት ጫጩቶች ሁሉ ግራጫ አለመሆናቸው ነበር። ከ100 ጫጩት ወደ 50 የሚሆነው ግራጫ፣ 25 ያህሉ ጥቁር፣ 25 ያህሉ ደግሞ ነጣ ብሎ ነጠብጣብ ያለበት ይሆናል። አርቢዎቹ «ዘሩ ገና አልጠራም» እያሉ ጥቁሩንና ነጣ ያለውን እያስወገዱ ግራጫውን ብቻ ማዳቀል ቀጠሉ። ትውልድ ቢቀያየርም ዘሩ አልጠራም።

ምክንያቱ ይኸውላችሁ። እያንዳንዱ ጫጩት ለዚህ ቀለም ከአባቱ አንድ፣ ከእናቱ አንድ ዘረ-መል ይወርሳል። ጥቁሩን የሚያሳሳው ዘረ-መል አንድ ብቻ ከሆነ ላባው ግራጫ ይሆናል፤ ሁለት ከሆነ ነጣ ይላል፤ ከሌለ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ግራጫ ዶሮ ምንጊዜም የሁለቱ ድብልቅ ነው፤ ሊጠራ የሚችል ዘር አይደለም። በአንጻሩ ጥቁሩን ከነጣው ጋር ያዳቀለ ሰው የሚያገኛቸው ጫጩቶች መቶ በመቶ ግራጫ ናቸው!

አስተውሉ! አርቢዎቹ እንደ ጉድለት ቆጥረው ሲያስወግዷቸው የኖሩት ጫጩቶች የሚፈልጉትን ውበት ያለ አንዳች ብክነት ሊሰጧቸው የሚችሉት እነዚያው ራሳቸው ነበሩ። ጥፋቱ በጫጩቶቹ ላይ አልነበረም፤ በአርቢው አለማወቅ ላይ ነበር። ዋጋውን የከፈሉት ግን ጫጩቶቹ ናቸው። እነዚያ ሰዎች ባለማወቃቸው ሰበብ ሊኖራቸው ይችላል። ዛሬ ይህን ሕግ አውቆ ግራጫውን ከግራጫ እያዳቀለ ግማሹን ጫጩት የሚጥል ሰው ግን ሰበቡ ምንድን ነው?

«ይህ ሁሉ የአላህን ፍጥረት መለወጥ አይሆንም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሳ ይሆናል። በሱረቱ-ኒሳእ 119ኛው አንቀጽ ላይ ስለዚህ የተነገረው ማስጠንቀቂያ የታወቀ ነው። የጥንት ሙፈሲሮች ስለ ትርጉሙ የተለያየ አስተያየት ሰጥተዋል፤ ከፊሎቹ የአላህን ሃይማኖት መለወጥ ነው ሲሉ፣ ከፊሎቹ ደግሞ አካልን መቀየርን ጠቅሰዋል። እዚህ ላይ ፈትዋ ለመስጠት አልተነሳንም፤ ያ የዑለማዎች ድርሻ ነው። ነገር ግን አንድ እውነት እንናገር። ጥቁሩን ከነጣው ጋር ያገናኘ አርቢ አንድም ቀለም አልፈጠረም። ያደረገው ቢኖር አስቀድሞ በፍጡሩ ውስጥ የተቀመጠው እንዲገለጥ ሁለት ዶሮዎችን ማገናኘት ብቻ ነው። በውበት መደሰትም በራሱ ነውር አይደለም፤ ሱረቱ-ነሕል የቤት እንስሳትን ጥቅም ሲዘረዝር ውበታቸውንም ከጸጋዎቹ መካከል አንስቷልና።

ሆኖም የተፈቀደ ነገር ሁሉ ወሰን አለው። ላባው ወደ ላይ የሚጠቀለል፣ ፍሪዝል የሚባል ዶሮ አለ። አንድ የመጠቅለያ ዘረ-መል የወረሰው ለዓይን የሚያስገርም ነው። ሁለቱን ጥቅል ላባዎች ያዳቀለ ሰው ግን ከአራት ጫጩት አንዱ ገደማ ሁለቱን ዘረ-መሎች ይወርስበታል። የዚህ ጫጩት ላባ እየተሰባበረ ይረግፋል፤ ገላው ይራቆታል፤ ብርድም ያንገላታዋል። ላቬንደር በሚባለው ፈካ ያለ ግራጫ ቀለም ላይም በብዙ መንጋዎች ውስጥ የክንፍና የጅራት ላባ የሚያሳሳ ችግር አብሮ ይወረሳል። እዚህ ላይ ሰውየው በዓይኑ ይደሰታል፤ ዶሮዋ በገላዋ ትከፍላለች። ልብስ ሆኖ የተሰጣትን ለጌጥ ብለን ስንገፍፋት ውበት ሳይሆን በደል ይሆናል።

ይኸው እውቀት ከጌጥ አልፎ ለገበያም ይውላል። ወርቃማ አውራ ዶሮ ከብርማ ሴት ዶሮ ጋር ሲዳቀል ሴት ጫጩቶች የአባታቸውን ወርቃማነት፣ ወንዶቹ ደግሞ የእናታቸውን ብርማነት ይዘው ይፈለፈላሉ። በመሆኑም በመጀመሪያው ቀን ወንዱን ከሴቱ በቀለም መለየት ይቻላል። ለድኻ አርቢ ይህ መልካም እገዛ ነው። በእንቁላል ኢንዱስትሪ ዘንድ ግን መለየቱ እንቁላል የማይጥለውን ወንድ በተፈለፈለበት ቀን ለመግደል አገልግሏል። ጀርመን ውስጥ ብቻ በዓመት ከ40 ሚሊዮን በላይ ወንድ ጫጩቶች በዚህ መልኩ ይገደሉ ነበር፤ አገሪቱ ይህን በሕግ የከለከለችው ከእ.ኤ.አ. 2022 መጀመሪያ አንስቶ ነው። አንዱ እውቀት በአንዱ እጅ እዝነት፣ በሌላው እጅ ጭካኔ ሲሆን እንመለከታለን።

«ዶሮ አርደን እንበላ የለምን? ታዲያ ስለ ጫጩት ይህን ያህል ምን አስጨነቀን?» የሚል ይኖራል። መልሱ ግልጽ ነው። ለምግብ የሚታረድ እንስሳ ለፍላጎታችን በተፈቀደው ሥርዓት፣ ቢላው ተስሎ፣ ሳይንገላታ ይታረዳል። በቀለሙ ምክንያት የሚጣለው ጫጩት ግን ለማንም ጥቅም አልዋለም። ጥቁሯ አንዳሉሲያን እንደ ግራጫዋ ሁሉ እንቁላል ትጥላለች፤ ሥጋዋም ያው ነው። የጎደላት ነገር ቢኖር የሰውየውን ምኞት አለማሟላቷ ነው። ላላሳደገው ሰው መስጠት፣ ለችግረኛ ጎረቤት ማካፈል እየተቻለ መጣሉ ብክነት ብቻ ሳይሆን አደራን መብላትም ነው።

እንግዲህ ውድ አንባቢ፣ በግቢዎ ውስጥ ሦስትም ይሁኑ ሠላሳ ዶሮዎች ቢኖሩዎት፣ መልካቸው ቢያምርዎትና ያንን መልክ ለማብዛት ቢያስቡ ማንም አይነቅፍዎትም። ነገር ግን እንቁላሉን ከማስታቀፍዎ በፊት የሚፈለፈለው ጫጩት ጤነኛ ሆኖ መኖር ይችል እንደሆነ፣ ያሰቡትን ቀለም ይዞ ካልወጣም የት እንደሚያድር ይወስኑ። ለዚህ መልስ ያለው ሰው ያርባ። መልስ የሌለው ግን ላባውን እያየ ከመደሰቱ በፊት ስለ ነፍሲቱ ይጨነቅ። ላባው በየዓመቱ ይረግፋል፤ በነፍሲቱ ላይ የሠራነው ግን አይረግፍም፤ እንጠየቅበታለን።