ማገዶ በእርግጥ ታዳሽ ነውን?

የሳይንስ መጻሕፍት ማገዶን ከፀሐይ፣ ከነፋስና ከውኃ ጋር ደርበው «ታዳሽ ኃይል» ይሉታል። እንጨት፣ ከሰል፣ ኩበትና የሰብል ተረፈ ምርት በአንድነት ባዮማስ ይባላሉ። ምክንያታቸው ይህ ነው፦ ዛፍ ሲያድግ ከአየር የወሰደውን ካርቦን ሲነድ ይመልሰዋል፤ በምትኩ ሌላ ዛፍ ከበቀለ ያው ካርቦን እንደገና ይወሰዳል።

«ከበቀለ» የምትለዋን ቃል ግን ዝም ብለን አንለፋት። ፀሐይ ዛሬ ስለሞቅናት ነገ አትቀንስም። ዛፍ ግን የሚተክለው እጅና የሚጠብቀው ትዕግሥት ይፈልጋል። ስለዚህ ማገዶ ታዳሽ መሆኑ በቆራጩ ልብም ይወሰናል።

አዲስ አበባ ይህን ገና በልጅነቷ አይታዋለች። ከተማዋ በተቆረቆረች በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዙሪያዋ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተመናመነ፤ ዋና ከተማውን ወደ ሌላ ስፍራ የማዛወር ሐሳብ እስከ መነሣት ደረሰ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው፣ ሲቆረጥ ከጉቶው መልሶ የሚያቆጠቁጠው ባሕር ዛፍ ደረሰላት።

ዛፉ ተተካ እንበል። ሁለተኛው ጥያቄ ይቀራል፦ የማገዶውን ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው? ከእንጦጦ ቁልቁል ከ30 ኪሎ የሚበልጥ እንጨት በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች አሉ። ኩበት ሲነድ ማዳበሪያ ሊሆነው የነበረውን የሚያጣው እርሻው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ቤት ውስጥ በሚፈጠር የጭስ ብክለት ሳቢያ እንደሞቱ ይገምታል። ዛፍ ይተካል፤ እነዚህን ሰዎች ግን የሚተካቸው የለም።

በዘዳግም 22 ላይ የወፍ ጎጆ ስላገኘ ሰው የተሰጠ ትንሽ ሕግ አለ። ጫጩቶቹን እንዲወስድ ተፈቅዶለታል፤ እናቲቱን ግን እንዲለቅ ታዝዟል። ፍሬውን ውሰድ፣ ምንጩን ተው እንደ ማለት ነው። በዚህ መለኪያ ቅርንጫፍ መልምሎ ማንደድ ጫጩቱን መውሰድ ነው፤ ደኑን መንጥሮ ከሰል ማክሰል ግን እናቲቱንም መብላት ነው።

«ታዲያ ለልጆቿ እራት ለማብሰል ኩበት የምታነድደውን ድሀ እናት ልንወቅሳት ነው?» የሚል ይኖራል። በፍጹም። ምርጫ የሌለውን ሰው ምርጫ ባለው ሰው ሚዛን መመዘን ፍርደ ገምድልነት ነው። ኃላፊነት የሚከብደው ምርጫው በሰፋ መጠን ነው። ኤሌክትሪክ ያለው ቤት፣ ከሰል በጆንያ የሚገዛ ምግብ ቤት፣ በክረምት ችግኝ ተክሎ ፎቶ ተነሥቶ በበጋ ውኃ ሊያጠጣ የማይመለስ የወጣቶች ኅብረት ከእርሷ በፊት ይጠየቃሉ።

እንግዲህ ወጣቶች፣ በኅብረታችሁ ተወያዩበት። ለቡና ፕሮግራማችሁ የምትገዙት ከሰል ከየት መጣ? የተከላችኋቸውን ችግኞች ጥር ላይ ማን ያያቸዋል? ከሦስት ጉልቻ ይልቅ እስከ ግማሽ የሚደርስ እንጨት የሚቆጥበውን «ምርጥ» የእንጀራ ምድጃ ለአንዲት አቅም ለሌላት እናት ገዝታችሁ ብትሰጡ፣ ከዛፉም ከጀርባዋም ላይ ሸክም ታቀልላላችሁ።