የቴምብር ክብር

ላምበረት፣ ጓደኛችን ቤት፣ አንዲት አሮጌ የእንግሊዝ ቴምብር አከራከረችን። በ1960 ዓ.ም. የወጣች ናት፤ ለሴቶች የመምረጥ መብት የታገሉት የወይዘሮ ኤመሊን ፓንክረስት ሐውልት አለባት። ያወጣት ያው እሳቸውን ደጋግሞ ያሰረው መንግሥት ነው! ታዲያ ይህ ክብር ነው ወይስ ዕዳ ማራገፊያ? የሞተ ልጅ አንገቱ ረዥም ነው።

ልጃቸው ሲልቪያ ግን ከኛ ጎን የቆሙት ገና ደም ሲፈስ ነው። ከ1928 ዓ.ም. ጀምሮ በጋዜጣቸው ስለ ኢትዮጵያ ጮኹ፤ የገዛ መንግሥታቸው የጣሊያንን ወረራ ሲያጸድቅ እንኳ አልታጠፉም። በ1953 ዓ.ም. አዲስ አበባ አርፈው ቅድስት ሥላሴ ተቀበሩ።

ቴምብር ለመለጠፍ ምራቅ ይበቃል። ከታሳሪ ጎን መቆም ግን ዋጋ ያስከፍላል። እኛስ፣ ነገ ቴምብር የሚወጣለትን ሰው ዛሬ አይተን እንዳላየን እያለፍነው ይሆን?