ሐዲዱ የሚሰወረው ለማን ነው?

ከሳሪስ በአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው መንገዱ ሽቅብ ነው። ላንቻን፣ መሿለኪያን፣ ስታዲየምን አልፎ፣ በልደታና በአውቶቡስ ተራ ዞሮ አራዳ (ፒያሳ) ሲቃረብ ግን ባቡሩ መሬት ውስጥ ይገባል። መስመሩ ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ቃሊቲን ከዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ ያገናኛል፤ ርዝመቱ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለምን እዚያ ብቻ ተሰወረ?

መሐንዲስ ቢጠየቅ የፒያሳን ዳገትና የመንገዱን ጥበት ያነሳል። እውነቱን ነው። ዳገቱን መሬቱ ራሱ ይናገራል፤ ከመሬቱ በላይ ካለው የቱ ይነካ፣ የቱ ይቅር የሚለውን ግን የሚወስነው ሰው ነው። ስለዚህ ዋሻ በከፊል ፍርድ ነው፤ ከላዩ ያለው ነገር ክቡር ነው የሚል ፍርድ።

በአቴንስ የሲንታግማ ጣቢያ (እ.ኤ.አ. በ2000 የተከፈተው) ሲቆፈር የወጣው ጥንታዊ ቅርስ ከነመቃብሩ ዛሬ በጣቢያው ግድግዳ ከመስታወት ጀርባ ይታያል። እዚያ መቆፈር ታሪክን መንካት ነው። አዲስ አበባ ግን በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ የአራዳ ታሪክ አብዛኛው ከላይ የቆመ ነው፤ ጊዮርጊስ፣ አደባባዩ፣ የጭቃና የእንጨት ቤቶቹ። እዚህ የሚቆፈረው ታሪክን ላለመንካት ነው። የምኒልክ ሐውልት ብቻ ከዚህ ይለያል፤ በ1923 ዓ.ም. ቆሞ፣ ጣሊያን ከተማዋን ሲይዝ ነቅሎ ቀበረው፤ ከነጻነት በኋላ ከተቀበረበት ወጥቶ ተመለሰ። ለወራሪው ከመሬት በታች ማድረግ ማዋረድ ነበር፤ ለባቡር ሠሪው ደግሞ ማክበሪያ ሆነ።

ለአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት የተደረገው ጥንቃቄም የሚመሰገን ነው። ዋሻው በሥሩ ስለሚያልፍ በ2005 ዓ.ም. ተነስቶ በብሔራዊ ሙዚየም ቆየ፤ በ2008 ዓ.ም. ወደ ቦታው ተመለሰ። ብዙ ሰው ሲነሳ ተቆጥቶ ነበር፤ ቁጣው የሚገባ ይመስለኛል፣ ባይመለስ ኖሮስ ማን ይጠየቅ ነበር?

ወደ ሳሪስ ስንመለስ ሐዲዱ የደብረ ዘይትን መንገድ መሃል ለመሃል ይዞ ነው የሚሄደው፣ ከነአጥሩ። ዱሮ ቀጥ ብሎ ይሻገር የነበረ እግረኛ መሻገሪያ ፍለጋ ይዞራል። ለሳሪስ ዋሻ ይቆፈርላት ማለት ቂልነት ነው፤ ገንዘቡም አይገኝም፤ ባቡሩም በአጥሩ ማዶም ወዲህም ላለው ሠራተኛ ትልቅ ጥቅም ነው። ጥያቄዬ ሌላ ነው፤ ሲሰላ ሳሪስ ውስጥ የሚነካ ነገር አለ ተብሎ ታስቦ ነበር? ሐውልት የለም፣ የታወቀ አደባባይ የለም። ያለው ከገበያው ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሳሪስ አቦ፣ ከፋብሪካ ወደ ጠጅ ቤት የሚመላለስ እግር ነው። ያን በምን ይመዝኑታል?

እኔ ሚዛኑ የተገለበጠ ይመስለኛል። ሐውልት ይነሳል፣ ይከደናል፣ ሦስት ዓመት ሙዚየም ይቆያል፣ ይመለሳል። ሰፈር የለመደውን መሻገር ግን አንስቶ የሚያቆይ ሙዚየም የለም። ሊነሳ ለማይችለው ነገር ነበር ይበልጥ መጠንቀቅ የሚገባው።

ፒያሳም ቢሆን ከዚህ አልዳነችም። ለባቡሩ ሲባል ተጠንቅቀው ሥሯን ቆፈሩላት፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ሰፈሮቿ ዶሮ ማነቂያና ሠራተኛ ሰፈር ከላይ ፈረሱ። ዋሻው የጠበቀው አደባባዩን እንጂ አደባባዩን አደባባይ ያደረገውን ጉርብትና አልነበረም። ከተነሱት ነዋሪዎች ብዙዎቹ ቤት የተሰጣቸው ገላን ጉራ ነው፤ በአቃቂ ቃሊቲ፣ ከሳሪስም ወዲያ። ጊዮርጊስን ለመሳለም አሁን እነሱም ሽቅብ ይጓዛሉ።