ሸረሪት ናት ከማለት በፊት

በአዊ የአዲስ ቅዳም ዙሪያ ወጣት ከደጅ ሳይውል የሚቀርበት ቀን ጥቂት ነው። የፋግታ ለኮማ ኮረብታዎች ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ ከለበሱ ወዲህ ችግኝ መትከሉ፣ እንጨት መቁረጡ፣ ከሰል ማክሰሉ የብዙ ቤት እንጀራ ሆኗል። ከሰል የሚያከስል ሰው ደግሞ ክምሩ አየር አግኝቶ እንዳይነድድበት ሌሊቱን እዚያው ጫካ ጥግ ያድራል። ከብት የሚጠብቀው፣ ድንች የሚኮተኩተው፣ ቀፎ የሚቆርጠው ሌላ ነው። ከዚህ ሁሉ በአንዱ ማግስት፣ ጠዋት ሲነሳ፣ ክንዱ ወይም አንገቱ ላይ ቀልቶ ያበጠ፣ የሚያሳክክ ወይም የሚያቃጥል ነገር ያገኛል። የነከሰውን ያየ የለም። ቤት ውስጥ ግን ፍርዱ ለመሰጠት አይዘገይም፤ "ልጄ፣ ሸረሪት ሸንታብህ ነው።"

እናቶችና አያቶች ይህን የሚሉት ከክፋት አይደለም። ላልታየ ነገር ስም ሲገኝለት ጭንቀት ይቀልላል። ጉዳቱ የሚመጣው ስሙ መድኃኒቱን መምረጥ ሲጀምር ነው። ሸረሪት ከተባለ ፌጦ ይለጠፋል፤ ነጭ ሽንኩርት ተወቅጦ ይታሰራል፤ ባስ ሲል ብረት ግሎ ይተኮሳል። በሦስተኛው ቀን ጤና ጣቢያ ሲደረስ ባለሙያው የሚያየው የመጀመሪያውን ቁስል ሳይሆን የሽንኩርቱንና የብረቱን ቃጠሎ ነው። በዕድሜ የገፋ ሰው ለልጆቹ ሊያወርሰው የሚገባ ልማድ ቢኖር ነካሹን ከመሰየም በፊት ቁስሉን ማየት ነው።

ሸረሪት መርዟን የምታስገባው በጥርሷ ነክሳ ነው፤ በሽንቷ ሰው አታቆስልም። የዓለም የሸረሪቶች መዝገብ በ2022 እ.ኤ.አ. 50,000ኛውን ዝርያ የመዘገበ ሲሆን፣ ከዚያ ሁሉ ሰውን በብርቱ የሚጎዱት በጣም ጥቂቶች ናቸው። ጎጂዎቹም ቢሆኑ ሰው አሳድደው አይነክሱም። በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት አራት ሰዎች ያሉት ቤተሰብ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይኖርበት ከነበረ አንድ ቤት፣ በ2001 በስድስት ወር ውስጥ 2,055 ሸረሪቶች ተለቅመው ተቆጥረዋል። ዝርያቸው መርዙ ሥጋ ያበሰብሳል ተብሎ የሚፈራው ቡናማው ሸረሪት ነበር። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ግን ከአራቱ አንዱም የንክሻ ምልክት አላየም። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ያልነከሰች ሸረሪት፣ ሰው ክንዱ ባበጠ ቁጥር ተጠያቂ ልትሆን አይገባም።

ታዲያ ያቃጠለው ምንድን ነው?

አንዱ እጩ በምሥራቅ አፍሪካ የናይሮቢ ዝንብ የምትባለው ጥንዚዛ ናት። ርዝመቷ ከ1 ሳንቲ ሜትር አያልፍም። ራሷና የጅራቷ ጫፍ ጥቁር፣ ደረቷና ሆዷ ብርቱካንማ ቀይ ነው፤ ከጀርባዋ ላይ ያጠረች ሰማያዊ ቅርፊት አለች። እርጥብ መሬት ትወዳለች፤ ማታ ማታ መብራት ተከትላ ቤት ትገባለች። አትነክስም፣ አትናደፍም። ነገሩ የሚበላሸው አንገት ላይ ስትሄድ የተኛው ሰው በእንቅልፍ ልቡ በመዳፉ ሲጨፈልቃት ነው። በሰውነቷ ውስጥ ያለው ፔደሪን የተባለ መርዝ ያን ጊዜ ቆዳው ላይ ይፈስሳል። ወዲያው ምንም አይሰማም፤ ከ12 እስከ 36 ሰዓት ቆይቶ ግን እጁ የተጎተተበትን መስመር ተከትሎ ቆዳው ይቀላል፣ ይለበልባል፣ ውኃ ይቋጥራል። ቦታው የክርን እጥፋት ከሆነ ክንዱ ሲታጠፍ ትይዩው ቆዳም ይነካና አንዱ ቁስል ሁለት ይሆናል። በዚያው ባልታጠበ እጅ ዓይኑን ያሸ ሰው ዓይኑም ያብጥበታል። ስለዚህ ቀይና ጥቁር ጥንዚዛ ገላው ላይ ያየ ሰው አይጨፍልቃት፤ እፍ ብሎ ያብርራት ወይም ወረቀት ላይ አውጥቶ ይጣላት፤ ያለፈችበትን ቆዳ፣ እጁንና ልብሱን በሳሙና ይጠብ። ቁስሉ አብዛኛውን ጊዜ በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ በራሱ ይድናል። ለሥራ ወደ ቆላ የሚወርድ ልጅ ይህቺን ጥንዚዛ በመልኳ ቢያውቃት ከብዙ ሽንኩርት ይድናል።

ሁለተኛው እጩ ከነፍሳት ወገን ጭራሽ አይደለም። አልማዝ ባለጭራ የሚባለውን ሕመም ብዙ ሰው ሸረሪት የረገጠችው ወይም የሸናችበት ቦታ አድርጎ ያየዋል። እውነተኛ መነሻው በልጅነት ጉድፍ ያወጣው ቫይረስ ነው። ጉድፉ ሲድን ቫይረሱ በነርቭ ሥር ተደብቆ ይቀራል፤ ከዓመታት በኋላ የሰውነት አቅም ሲዳከም ይነሣል። መለያው ግልጽ ነው። ሽፍታው ከመውጣቱ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቀን ቀድሞ ቦታው ይወጋል ወይም ያቃጥላል፤ ከዚያ ውኃ የቋጠሩ ጉብታዎች በአንድ ወገን ብቻ እንደ መቀነት ተሰልፈው ይወጣሉ፤ የደረትን ወይም የጀርባን መሐል ተሻግረው ወደ ሌላው ጎን አይሄዱም። ይህን ያየ ሰው ለዕፅዋት ቅጠቃ ጊዜ አያጥፋ። አሳይክሎቪርን የመሰለው ፀረ ቫይረስ መድኃኒት ይበልጥ የሚሠራው ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። በወጣትነት ዕድሜ አልማዝ ባለጭራ ሲወጣ የጤና ባለሙያ የኤች አይ ቪ ምርመራ ቢያቀርብ መሸማቀቅ አይገባም፤ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን በጊዜ ማወቁ ይጠቅማል፤ የኤች አይ ቪ መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል። ሽፍታው ዓይን አካባቢ ከሆነ ደግሞ ያው ዕለት መታየት አለበት፤ ብርሃን ሊያሳጣ ይችላል።

ሦስተኛው እጩ ሰው ይገድላል፤ አባ ሰንጋ ነው። ከብት ባለበት አገር ሁሉ የሚያሠጋ፣ በአማራ ክልልም በዋግ ኽምራ በወረርሽኝ ደረጃ የታየ በሽታ ነው። የታመመ ወይም በድንገት የሞተ ከብት የገፈፈ፣ "ሳይሞት እናትርፈው" ተብሎ የታረደውን ሥጋ የቆራረጠ ሰው እጁ ላይ ከአንድ እስከ ሰባት ቀን ቆይቶ ትንሽ የምታሳክክ ጉብታ ትወጣለች። ማንም ቢያያት የነፍሳት ንክሻ ነው የሚላት። በአንድ በሁለት ቀን ውኃ ትቋጥራለች፤ ከዚያ መሐሏ ይጎደጉድና እንደ ዲከረንስ ከሰል ይጠቁራል፤ ዙሪያዋ በጣም ያብጣል። ከሁሉ የሚያሳስተው ቁስሉ የማያም መሆኑ ነው። ስለማያም ሰው ይንቀዋል። ካልታከመ ከአምስት ሰው አንዱን እስከ መግደል ይደርሳል፤ በጊዜ የተጀመረ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ግን ሞቱን ከመቶ ከአንድ በታች ያወርደዋል።

አባ ሰንጋን በሸረሪት ማሳሳት የገጠር ሰው ስሕተት ብቻ አይደለም። በመስከረም ወር 2001 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ በኒው ዮርክ የሰባት ወር ሕፃን ወላጁ ወደሚሠራበት የቴሌቪዥን ጣቢያ ተወስዶ ነበር። በማግስቱ ክንዱ ላይ እብጠት ታየ፤ ቁስሉም ጠቆረ። ያዩት ሐኪሞች ቡናማ ሸረሪት ነክሳዋለች ብለው አከሙት። አባ ሰንጋ በፖስታ ተልኮ ሰው መያዙ በጥቅምት በዜና ሲሰማ ነው ጉዳዩን መልሰው ያዩትና ትክክለኛውን ያገኙት። ሕፃኑ ድኗል። ዘመናዊ መሣሪያ በሞላበት ከተማ ያሉ ሐኪሞች እንዲህ ከተሳሳቱ፣ "ባለፈው ሳምንት የሞተ በሬ ገፍፌ ነበር" የምትለው አንዲት ቃል የእንጅባራውን ሐኪም ምን ያህል እንደምትረዳው መገመት አያዳግትም። ያችን ቃል ሊናገር የሚችለው ታማሚው ብቻ ነው። ሥጋው የጋራ ስለነበር፣ ጎረቤት እንዳይጠየቅ ብሎ መደበቅ አለ፤ ይህ ሌሎቹንም ቤተሰቦች ለአደጋ ማጋለጥ ነውና ወጣቱ አይደብቅ፤ ለእንስሳት ሐኪሙም ይንገር።

ደግሞ የማይታይ ንክሻ አለ። የአሸዋ ዝንብ የምትባለው ከትንኝ ያነሰች፣ ድምፅ የሌላት ነፍሳት ስትነክስ አብዛኛው ሰው አይሰማውም። በደጋው የሽኮኮ ገደሎች አካባቢ ከሽኮኮ ወደ ሰው የምታሻግረው ተውሳክ ፊት ላይ፣ ጆሮና አፍንጫ ላይ ቁንጭር የተባለውን ቁስል ያወጣል። ቁንጭር ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ወራት ያልፉታል፤ አያምም፤ ሲደርቅ ጠባሳ ይተዋል። ወር አልፎት ያልዳነ የፊት ቁስል ያለበት ልጅ፣ በተለይ ልጃገረድ፣ "ይድናል" እየተባለች በነጠላ ተሸፍና መቆየት የለባትም። ቁንጭር ሕክምና አለው፤ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልና በደሴው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለዓመታት ሲሰጥ ኖሯል።

በቆላው ያለችው የዚያችው ዝንብ ዘመድ የምታመጣው ካላዛር ከዚህ ይከፋል፤ ውስጥ ገብቶ ጣፊያን ያሳብጣል፣ ሰውነትን ያመነምናል። በሊቦ ከምከም በ1997 ዓ.ም. በላቦራቶሪ እስኪረጋገጥ ድረስ ብዙ ሰው "መድኃኒት የማይበግረው ወባ" እየተባለ በወባ መድኃኒት ሲታከም ቆይቶ ሞቷል። በሽታው ወደ ደጋው የገባው ለሥራ መተማና ሑመራ ወርደው በተመለሱ ሰዎች ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ይታመናል። ከአዊ ደጋም በየዓመቱ ለሰሊጥና ለጥጥ ሥራ ወደ ጃዊና ወደ መተማ የሚወርደው ወጣት ብዙ ነው። ከተመለሰ በኋላ ትኩሳት የያዘው ሰው ጤና ጣቢያ ሲገባ የት እንደከረመ ሳይጠየቅ ይናገር። ወባና ካላዛር የሚለዩት በምርመራ እንጂ በግምት አይደለም።

መዥገርም አለ። ከብት ጋር የሚውል እረኛ መዥገር ነቅሎ መጣልን እንደ ቁም ነገር አይቆጥረውም፤ ነገር ግን የከብት መዥገሮች የሚያስተላልፉት ትኩሳት አለ። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ትኩሳት፣ የብብት ወይም የብሽሽት ንፍፊትና መዥገሩ በነከሰበት ቦታ የምትቀር ጥቁር ቅርፊት ነው። የተጣበቀን መዥገር በክብሪት ማቃጠል ወይም ነዳጅ መቀባት አይገባም፤ በወረንጦ ከቆዳው ሥር ይዞ ቀጥ አድርጎ መሳብ፣ ከዚያ መታጠብ ይበቃል።

እንግዲህ ነካሹ ያልታወቀ ንክሻ ያገኘው ልጅ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚያደርገው ብዙ አይደለም። ቦታውን በውኃና በሳሙና ይጠብ፤ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ያድርግበት፤ እጁ ከሆነ ቀለበቱንና ሰዓቱን ሳያብጥ ያውልቅ፤ አይከክ። ከዚያ እስክሪብቶ አንሥቶ የቅላቱን ዳር ዳር ያስምር፤ ሰዓቱን አጠገቡ ይጻፍ፤ ስልክ ካለው ፎቶ ያንሣ። ይህች መስመር ከብዙ ንግግር ትበልጣለች። በማግስቱ ቅላቱ መስመሩን አልፎ ከሄደ፣ ወደ ብብት ወይም ወደ ብሽሽት የሚወጣ ቀይ ዘንግ ከታየ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ኢንፌክሽን ገብቷልና አይደር። ስኳር ያለበት ሰው ይህን ያህል እንኳ አይጠብቅ።

ማታ፣ ሣር ውስጥ ወይም እንጨት ሲያነሣ፣ ነካሹን ያላየ ሰው የተነከሰው እግሩን ወይም እጁን ከሆነና ቦታው ቶሎ እያበጠ ወይም እየደማ ከሄደ፣ ዓይኑ እየከበደው፣ መዋጥ እያቃተው ከመጣ፣ እባብ ነው ብሎ ማሰብ ይሻላል፤ ሁለት የጥርስ ምልክት ሁልጊዜ አይታይም። በገመድ ማሰር፣ በምላጭ መብጣት፣ በአፍ መምጠጥ የሚጎዱት ታማሚውን ነው። የተነከሰውን እግር እንደ ተሰበረ እግር በእንጨት ደግፎ፣ ታማሚውን ሳያስሮጡ ተሸክሞ ወደ ሆስፒታል ማድረስ ነው የሚያድነው።

የንብ ነገር ለአዊ ልጅ አዲስ አይደለም፤ ቀፎ በየጓሮው አለ። ንብ እሾኋን ቆዳ ውስጥ ትታ ስትሄድ አብዛኛው መርዝ የሚገባው በመጀመሪያዎቹ 20 ሰከንዶች ነው፤ ስለዚህ በጥፍርም ሆነ በቢላ ጀርባ ቶሎ ማውጣት እንጂ በምን ይውጣ ብሎ መከራከር ጊዜ ማጥፋት ነው። አንድ ንብ ነድፋው ሰውነቱን በሙሉ ሽፍታ የወረሰው፣ ከንፈሩና ምላሱ ያበጠ፣ ደረቱ ሲር ሲር የሚል፣ ያዞረውና የወደቀ ሰው ግን ዕድሜው የሚለካው በደቂቃ ነው። ጭኑ ላይ የሚወጋው አድሬናሊን ነው የሚያተርፈው። ከዚህ የተረፈ ሰው ከዚያ በኋላ ብቻውን ቀፎ አይክፈት፤ ቤተሰቡም ይወቅለት።

ሌላው ነገር መንጋጋ ቆልፍ ነው። በአፈር የቆሸሸ ቁስል፣ የተበጣ፣ የተተኮሰ፣ እበት የተለጠፈበት ንክሻ ሁሉ በሩን ይከፍትለታል። ሴቶች በእርግዝና ክትትላቸው ይከተባሉ፤ ወንዱ ግን በሕፃንነቱ ከወሰደው ወዲህ ስለ ክትባት የሚያነሣበት አጋጣሚ ብዙም የለውም። ዲከረንስ ቆራጩና ከብት ጠባቂው ደግሞ በአብዛኛው እሱ ነው። ለንክሻም ሆነ ለሌላ ጉዳይ ቅዳሜ ገበያ ሲወጣ ወደ ጤና ጣቢያው ጎራ ብሎ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱ የት እንደደረሰ ይጠይቅ፤ የቀበሌዋ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ይህን ትነግረዋለች።