የሕመምተኛ ምሥጢር

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። አባባሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ በሕመምተኛው ላይ ይጥላል። ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት፣ ድባጤን በመሰለ ከተማ፣ አንዲት ሴት በኀፍረተ ሥጋዋ ላይ ቀላል ጉዳት ደርሶባት ወደ ጤና ጣቢያ ሄደች እንበል። ስሙን ራሱን በኀፍረት የጠራነው እኛ ነን። ካርድ አውጪው «ምንሽን ነው የሚያምሽ?» ብሎ በሰው ፊት ቢጠይቃት፣ ተራ ጠባቂውም ጆሮውን ጣል ቢያደርግ፣ ሕመሟን ሳትናገር ብትመለስ ይፈረድባታልን? የተመለሰችው ቁስሉን ንቃ ሳይሆን ወሬውን ፈርታ ነው፤ በጊዜው ታክሞ ይድን የነበረው ቁስልም በዝምታ ይመረቅዛል።

የሙያ ምሥጢርን ማውጣት በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 ያስቀጣል። ሕጉ ሐኪሙን፣ ነርሱንና አዋላጁን ይይዛል፤ በወረፋው የተቀመጥነውን እኛን ግን የሚገዛን ሕሊናችን ነው። ስለዚህ የሰሙትን አለማውራት ጨዋነት ብቻ ሳይሆን የሕክምናው አንድ ክፍል ነው እንላለን። መዝጊያ መዝጋት፣ ድምፅን ዝቅ ማድረግ፣ በገበያ ሲገናኙ ስለ ትናንቱ አለመጠየቅ ገንዘብ አይፈጅም። ሕመምተኛዋ በሽታዋን እንዳትደብቅ ከወደድን፣ አስቀድመን እኛ ምሥጢሯን እንደብቅላት።