በረሃ የገባ ሰው

በአማርኛ «በረሃ ገባ» የሚባለው ለሁለት ዓይነት ሰው ነው፤ ለሸፍታና ለመናኝ። አንዱ ከሕግ ይሸሻል፣ ሌላው ከከተማው የጠበቀ ሕግ በራሱ ላይ ይጭናል።

ላስ ቬጋስ የካሜራ ከተማ ናት። በቁማር ቤቶቿ የእያንዳንዱ እጅ እንቅስቃሴ ይታያል፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚተዳደሩበት የታክሲ ሥራም በሜትርና በፈቃድ የታሰረ ነው። ከከተማዋ በስተሰሜን ምሥራቅ ግን ጎልድ ቢዩት አለ፤ በምዕራብና በደቡብ በሌክ ሚድ ሐይቅ የታጠረ፣ ባሕረ ገብ መሬት የመሰለ፣ 1,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ በረሃ። እ.ኤ.አ. በ2016 ጥብቅ ብሔራዊ ቅርስ ተብሎ ተከልሏል። መኪና የሚፈቀደው በተከፈቱት መንገዶች ላይ ብቻ ነው። ታዲያ ከመንገዱ ቢወጡ ማን ያያል?

ፕላቶ «ሪፐብሊክ» ውስጥ ከሰው ዓይን የሚሰውር ቀለበት ስላገኘ እረኛ ይተርካል። ጥያቄው ይኸው ነው፤ የሚያየው የሌለ ሰው ለምን ፍትሐዊ ይሆናል? አራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና ያለው ሰው ቀለበቱን በእጁ ይዟል።

ሳምንቱን በሜትር ሲቆጠር የከረመ ሰው ሜዳ ቢያምረው አይፈረድበትም። ሆኖም ባዶ የሚመስለው ሜዳ ባዶ አይደለም። አፈሩን የሚያያይዘው ሕያው ቅርፊት በጎማ ከተሰበረ ለማገገም አሥርት ዓመታት ይፈልጋል። የበረሃ ኤሊ አብዛኛውን ዕድሜዋን በጉድጓድ ውስጥ ስለምታሳልፍ ነጂው አያያትም። ለደቡብ ፓዩት ሕዝብ ደግሞ ቦታው የአባቶች ምድር ነው።

ጉዳቱም በአንድ ሰው አያበቃም። የመጀመሪያው ጎማ የተወው መስመር ለቀጣዩ መንገድ ይመስለዋል። ሁለተኛው ነጂ ሕግ የጣሰ አይመስለውም፤ ሰው የሄደበትን ተከትሏልና።