ብቻችንን ስናጠና መምህራችን ማን ነው?



ትምህርት ማለት ምን ማለት ነው? በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በመምህር ፊት፣ የተወሰነ ሰዓት መቀመጥ ነውን? ወይስ ከተነሡ በኋላ በአእምሮ ውስጥ የሚቀረው ነገር ነው? ይህ ጥያቄ ለፈላስፎች የተተወ ይመስለን ይሆናል። ነገር ግን በአሜሪካ የምንኖር ብዙ ወጣቶች ሳናስተውለው በየጊዜው የምንመልሰው ጥያቄ ነው። ሌሊት በሥራ አድሮ ቀን የሚማር፣ የኮርስ ክፍያው ከቤት ኪራዩና ወደ አገር ቤት ለቤተ ሰቡ ከሚልከው ገንዘብ ጋር የሚሻማበት ወጣት፣ «ይህን ትምህርት ክፍል ሳልገባ በራሴ አጥንቼ ብፈተንስ?» ብሎ ማሰቡ አይቀርም። ሐሳቡ መልካም ነው ወይስ አይደለም? መልካም ከሆነስ ከእኛ ምን ይጠይቃል? በዚህች ጽሑፍ ልንመረምር የወደድነው ይህንኑ ነው።

ሀ/ በፈተና የሚገኝ ክሬዲት

በአሜሪካ ኮሌጆች የተማሪ ትምህርት የሚሰፈረው «ክሬዲት» በሚባል መለኪያ ነው። አንድ ኮርስ ብዙውን ጊዜ 3 ክሬዲት አለው፤ ለባችለር ዲግሪ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 120 ያህል ክሬዲት ያስፈልጋል። ይህ መለኪያ በመሠረቱ የተቆረጠው በሰዓት ነው፤ ይኸውም ተማሪው በሳምንት ስንት ሰዓት ከመምህሩ ጋር እንደሚገናኝ በመቁጠር ነው።

ሰዓት ሳይቆጠር ዕውቀት ብቻ የሚመዘንበት ሌላ መንገድም አለ። ኮሌጅ ቦርድ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 የጀመረውና በአጭሩ «ክሌፕ» የሚባለው የፈተና ፕሮግራም ከነዚህ አንዱ ነው። ከአልጀብራ እስከ ሥነ ልቡና፣ ከአሜሪካ ታሪክ እስከ ባዮሎጂ ድረስ 34 ፈተናዎች አሉት። አብዛኞቹ 90 ደቂቃ የሚወስዱ፣ በኮምፒዩተር የሚሠሩ የምርጫ ጥያቄዎች ናቸው። ውጤቱ ከ20 እስከ 80 ባለው መለኪያ ይሰጣል፤ የአሜሪካ የትምህርት ምክር ቤትም ለአብዛኞቹ ፈተናዎች 50 ያገኘ ተማሪ ክሬዲት እንዲሰጠው ይመክራል። ፈተናው 100 ዶላር ያህል ያስከፍላል፤ የመፈተኛ ጣቢያው የራሱን ክፍያ ሊጨምር ይችላል። ሞደርን ስቴትስ የተባለ በጎ አድራጎት ድርጅት ደግሞ የመዘጋጃ ትምህርቱን በነጻ ሰጥቶ፣ ትምህርቱን ለጨረሱ ሰዎች የፈተናውን ዋጋ ይከፍላል። ለአንድ ኮርስ ከሚጠየቀው ገንዘብ ጋር ስናነጻጽረው ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ሐሳቡም አዲስ አይደለም። የለንደን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1858 ጀምሮ የትም ቦታ ሆኖ ያጠና ሰው ለዲግሪ ፈተና እንዲቀርብ በሩን ከፍቷል። ኔልሰን ማንዴላ በሮበን ደሴት ታስረው ሳሉ ከዚሁ ዩኒቨርሲቲ ሕግ በርቀት ያጠኑ ነበር። የሕግ ዲግሪያቸውን በመጨረሻ ከደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1989 ሲሆን፣ ያን ጊዜም ከእስር አልተፈቱም ነበር።

ለ/ ይህ አቋራጭ ነውን?

አንዳንዶች «ክፍል ሳይገቡ ክሬዲት መውሰድ የድካምን ዋጋ መሸሽ ነው» ይላሉ። ንግግራቸው በችኮላ የሚጣል አይደለም። ሆኖም ክሬዲት ስለ ዕውቀት የሚሰጥ ምስክርነት እንጂ ስለ መቀመጥ የሚሰጥ ደመወዝ አለመሆኑን ብናስተውል ነገሩ ይቀላል። በጅቡቲ በኩል ሲሰደድ ፈረንሳይኛ ተምሮ የመጣ ወንድማችን ለጀማሪዎች በተዘጋጀ የፈረንሳይኛ ክፍል ሁለት መንፈቅ ቢቀመጥ ምን ይጨምርለታል? የሚያውቀውን ቢፈተንና ቢመሰከርለት ማንንም አልበደለም። (አማርኛችን በክሌፕ ፈተናዎች ውስጥ የለም፤ ከቋንቋ ያሉት ፈረንሳይኛ፣ ጀርመንኛና ስፓኒሽ ናቸው።)

በአገራችንም ቢሆን ይህ እንግዳ ነገር አልነበረም። ማትሪክ እንለው በነበረው የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና «የግል ተፈታኝ» ሆነው የሚቀርቡ ነበሩ። ከዚያም በፊት የነበረውን ብንመለከት፣ በቅኔ ቤት ተማሪውን የሚያስመሰግነው የተቀመጠበት ዓመት ብዛት አይደለም። አንዱ በጥቂት ዓመት ይቀኛል፤ ሌላው ብዙ ዘመን ይቀመጣል። የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ ችሏል ወይስ አልቻለም?

እንግዲህ በራስ አጥንቶ መፈተን በራሱ ነውር የለበትም። ነገር ግን የቅኔ ቤቱን ምሳሌ ካነሣን ዘንድ እስከ መጨረሻው ልንከተለው ይገባል። የቅኔ ተማሪው ዓመት አይቆጠርበትም እንጂ መምህር የለውም ማለት አይደለምና።

ሐ/ መምህሩ የሚሠራው ሥራ

ተማሪው ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። ካልሆነለትም «አልሆነም፤ ተመለስ» ይለዋል። ይህን ስናይ የመምህር ሥራ ሦስት ሆኖ እናገኘዋለን። አንደኛ ያስረዳል፤ ሁለተኛ የቱ ቀድሞ የቱ እንደሚከተል ያሳያል፤ ሦስተኛ ያላወቀውን ተማሪ «ገና ነህ» ብሎ ይመልሳል።

በዘመናችን የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በብዛት ይገኛሉ። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በነጻ መጽሐፍ ያውሳል፤ በቪዲዮ የሚሰጥ ትምህርትም ሞልቷል። ሦስተኛው ግን ከመጽሐፍ አይገኝም። መጽሐፍ ገጹን ስንገልጥለት ዝም ብሎ ይገለጣል፤ ሳይገባን ብናልፈው አይቆጣንም። ስለዚህ ብቻውን የሚያጠና ሰው ከክፍሉ ነጻ ቢወጣም ከመምህሩ ሥራ ነጻ አይወጣም፤ ያንን ሥራ በገዛ ራሱ ላይ ይሸከማል።

ችግሩም እዚህ ላይ ነው። አበው «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» ይላሉ። እንጀራ ለራሱ ሲቆርስ የማያሳንስ ሰው ለራሱ ማርክ ሲሰጥስ ያሳንሳልን? አንድን ምዕራፍ ሁለት ሦስት ጊዜ ስናነብብ ቃላቱ ይለመዱናል፤ መልመዳችንንም ማወቅ ነው ብለን እንቀበለዋለን። ነገር ግን አንድን ሰው በመንገድ አይቶ መለየት ሌላ፣ ጠባዩን ማወቅ ሌላ ነው። የልምምድ ጥያቄ ስንሠራ መልሱን ገልጠን እናይና «ይህንንማ ዐውቀው ነበር» ብለን ትክክል እናደርግበታለን። የምንወደውን ክፍል ደጋግመን አጥንተን የሚከብደንን ለነገ እናቆየዋለን። ይህን ሁሉ ስናደርግ የሚያየን ሰው የለም፤ የምናታልለውም ሌላ ሰው የለም።

በሐዋርያት ሥራ የተነገረለት ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ በሠረገላው ተቀምጦ ብቻውን ያነብብ ነበር። ማንበቡ መልካም ነበረ። ከማንበቡ የሚበልጠው ግን ባለሥልጣን ሲሆን የሚመራው ሰው ካላገኘ እንደማያስተውል ለፊልጶስ በግልጥ መናገሩ ነው። ብቻውን የሚያጠና ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ይህ ነው፤ ያልገባውን አልገባኝም ማለት።

«ፈተናው ራሱ እውነቱን ይነግረናል» የሚል ይኖር ይሆናል። ይነግረናል፤ ግን ጥቂት ብቻ ነው። የሚመለከተን በአንድ ቀን ለ90 ደቂቃ ነው። ለተሳሳተ መልስ ነጥብ ስለማይቀነስ በግምት የተመታውንና በዕውቀት የተመለሰውን ለይቶ አያውቅም። ከሚፈለገው ነጥብ በታች የሆነውን ሰው ያንኑ ፈተና ለመድገም ሦስት ወር እንዲጠብቅ ያደርገዋል እንጂ አጠገቡ ተቀምጦ የሳተውን አያቃናለትም።

መ/ ሃምሳ ይበቃልን?

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ደረስን። ኮሌጁ 50 ይበቃኛል ካለ ለእኛስ ይበቃናልን?

ይበቃል የሚሉ ምክንያት አላቸው። ሰው ሁሉን ሊያውቅ አይችልም። የሒሳብ አያያዝ የሚማር ወጣት ለዲግሪው ማሟያ የሚወስደውን የሥነ ልቡና መግቢያ እንደ ሥነ ልቡና ሊቅ ባያውቀው በደል አይሆንበትም። በክፍል ውስጥ ከተማሩትም መካከል በ«ሲ» የሚያልፉ አሉ። «ሁሉን ፈጽሜ ሳላውቅ አልፈተንም» የሚልም ሰው አለ፤ ትሑት ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ እንዲህ የሚያሰኘው መውደቅን መፍራቱ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ዓመት ከዓመት ሲዘጋጅ ይኖራል እንጂ ለፈተና አይቀርብም።

አይበቃም የሚሉትም ምክንያት አላቸው። ከመካከላችን ነርስ ለመሆን የሚማሩ ብዙዎች ናቸው። ሐኪም ለአንድ በሽተኛ 500 ሚሊግራም መድኃኒት አዘዘ እንበል፤ በእጅ ያለው ፈሳሽ ደግሞ በ5 ሚሊሊትር ውስጥ 125 ሚሊግራም የያዘ ነው። ስንት ሚሊሊትር ይሰጠው? 20 ሚሊሊትር ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የሚቆመው ግን ገና ከአልጀብራ በፊት በተማርነው ንጽጽር ላይ ነው። በፈተና ላይ ከተደረደሩት መልሶች አንዱን በግምት መርጦ ማለፍ ይቻል ይሆናል። በበሽተኛው አልጋ አጠገብ ግን የተደረደረ መልስ የለም፤ አልጋው ላይ የተኛውም የሰው እናት ወይም የሰው ልጅ ነው። «ራስ ሳይጠና ጉተና» የሚለው ተረት የሚነገረው ለእንደዚህ ያለ ነገር ነው።

ስለዚህ ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው፤ የሚለያያቸው ትምህርቱ ነው። እኛም ራሳችንን የምንጠይቀው ጥያቄ ይህ ሊሆን ይገባል እንላለን፦ ነገ በዚህ ዕውቀት ላይ ምን ይሠራበታል? ማንስ ይደገፍበታል? ሌላ ትምህርት የሚታነጽበት ወይም ሌላ ሰው የሚደገፍበት ከሆነ 50 ለኮሌጁ ቢበቃም ለእኛ አይበቃንም፤ ክሬዲቱን ካገኘን በኋላም ጥናቱን ልንቀጥል ይገባናል። እንዲህ ካልሆነ ደግሞ በሚጠየቀው ልክ አጥንቶ ማለፍ ኃጢአት የለበትም። ነውሩ ጥቂት ማወቅ አይደለም፤ ጥቂት ያወቀ ሰው ብዙ እንደሚያውቅ ሆኖ ሲቀርብ ነው።

ሠ/ ምን እናድርግ?

ከዚህ በመነሣት ለፈተና ለሚዘጋጁ ወንድሞችና እኅቶች የሚከተለውን እንመክራለን።

1ኛ/ ከሁሉ አስቀድሞ ኮሌጁን መጠየቅ ነው። ክሌፕን የሚቀበሉ ኮሌጆች ወደ 2,900 ይደርሳሉ፤ ነገር ግን የትኛውን ፈተና፣ በስንት ነጥብ፣ ለየትኛው ኮርስ እንደሚቀበል የሚወስነው እያንዳንዱ ኮሌጅ ነው። ወደ ሌላ ኮሌጅ ለመዛወር ያሰበ ሰው የሚሄድበትንም ይጠይቅ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይያዝ። ይህን ሳያደርግ የሚቸኩል ሰው የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደተባለው ይሆንበታል።

2ኛ/ ኮሌጅ ቦርድ ለእያንዳንዱ ፈተና ያወጣውን የይዘት ዝርዝር ማግኘት ነው። ለምሳሌ ያህል በኮሌጅ አልጀብራ ፈተና ከጥያቄዎቹ 30 ከመቶ ያህሉ ስለ ፈንክሽን፣ 25 ከመቶ ስለ እኩልታዎችና ኢእኩልታዎች፣ 25 ከመቶ ስለ አልጀብራ ስሌቶች፣ 20 ከመቶ ስለ ቁጥር ሥርዓቶች ናቸው። ይህ ዝርዝር ለምንወደው ክፍል ብቻ እንዳናደላ ይጠብቀናል።

3ኛ/ ያነበብነውን መጽሐፉን ዘግተን በገዛ ቃላችን ማስረዳት ነው። ለታናሽ ወንድማችን ወይም ለጓደኛችን በአማርኛ ማስረዳት ያቃተን ነገር በእንግሊዝኛም ገና በደንብ አልገባንም ይሆናል።

4ኛ/ የልምምድ ፈተናውን በሰዓት መሥራትና ማርኩን ሌላ ሰው እንዲያርም መስጠት ነው። በግምት የመለስነውን ጥያቄ ምልክት እናድርግበት፤ ትክክል ቢሆንም እንኳ እንዳላወቅነው ቆጥረን እንደገና እናጥናው።

5ኛ/ በራስ ማጥናት ማለት ሰው አልባ መሆን ማለት አይደለም። በየእሑዱ አብረውን ከሚሰበሰቡት መካከል መሐንዲሶች፣ ነርሶች፣ የሒሳብ ባለሙያዎችና በአገር ቤት ለብዙ ዓመት ያስተማሩ አባቶችና እናቶች አሉ። እነዚህን «ግማሽ ሰዓት ይጠይቁኝ» ማለት ልመና አይደለም፤ እነርሱንም ያስደስታቸዋል። ያን የጎደለንን ሦስተኛውን የመምህር ሥራ የምናገኘው ከእነርሱ ነው።

መደምደሚያ

በራስ አጥንቶ መፈተን ለእኛ ላሉ ወጣቶች ትልቅ በር ነው። ወላጆቻችን በሌሊት ሥራ የሚያገኙትን ገንዘብ ያተርፍልናል፤ ጊዜያችንንም ይቆጥብልናል። በዚህ በር መግባት ማንንም አያሳፍርም። ነገር ግን ፈታኙ በዓመት አንድ ቀን ይፈትነናል፤ በቀሩት ቀኖች ፈታኞቹ እኛው ነን። ስለዚህ በራሳችን ላይ እውነተኛ ዳኞች እንሁን፤ የራሳችን ዳኝነት ሲያጠራጥረን ደግሞ ሌላ ሰው እንዲጠይቀን እናድርግ። ለፈተና የምትዘጋጁ ሁሉ በዚህ ሳምንት የሚጠይቃችሁን አንድ ሰው ፈልጉ። ያለፋችሁም መጻሕፍታችሁን ሳትጥሉ ለሚቀጥለው ስጡ፤ ስትሰጡም ተቀምጣችሁ ጠይቁት።